ሸረፋ አባ መዶሻ የዕድሩን ክዳን ሳያቀልጡ ስለ መግጠማቸው

በሚቀልጠውም በማይቀልጠውም ላይ ሥልጣን ያለው ፈጣሪ እጃችንን አጽንቶልን፣ እነሆ የሸረፋ አባ መዶሻን ዜና እንጽፋለን፤ ዘመኑም ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ዘመነ ማቴዎስ፣ እትዬ ከድጄ በቡታጅራ ከተማ በዋርካ ሥር ዕድር ላይ ጭልፋ በጨበጡ በአሥራ ዘጠነኛው ዓመት፣ ሸረፋ የዕድሩን ዕቃ ቤት ቁልፍ በአንገታቸው ባጠለቁ በአሥራ አንደኛው፣ የዋርካው ትልቅ ቅርንጫፍ ወድቆ የከረንቡላ ቤቱን ቆርቆሮ በመታ በሁለተኛው ዓመት ነበር።

እኒህ ሸረፋ ማን ናቸው ቢሉ፣ በቡታጅራ ገበያ ጀርባ ድስት የሚቀጠቅጡ፣ በርና መስኮት የሚገጥሙ፣ በአልሙኒየም ላይ የተሾሙ ባለሙያ ናቸው። ፈረስ ባይኖራቸውም የፈረስ ስም አላጡም፤ መዶሻቸው ገና በማለዳ ሰፈሩን ስለሚቀሰቅስ «አባ መዶሻ» ተብለዋል፤ ስሙን ያወጡት ጎረቤቶች ሲሆኑ፣ ያወጡትም በፍቅር ብቻ አልነበረም። ዕድሜያቸው አምሳ አራት ደርሷል። ወጣቶቹ በመቁረጫ ማሽን ቀን ሙሉ በር ሲያወጡ የእሳቸው ደጃፍ ጭር ብሏል፤ ቃሬዛ እንዳይሸከሙ ወገባቸው እምቢ ብሏል፤ በጉባኤ ተነሥተው ሲናገሩም ሰው ስልኩን ያያል። የቀራቸው አንድ ነገር ቢሆን በጥቁር የጫማ ክር የታሰረው ቁልፍ ነበር። በዚያ ቁልፍ ሥር መቶ አርባ ሳህን፣ ስድሳ ሁለት ብርጭቆ፣ ሰባት ሳፋ፣ ሦስት ድንኳን፣ አምስት ጭልፋ፣ እጀታው የወለቀ ማንቆርቆሪያና ባለቤቱ ያልታወቀ አንድ የግራ እግር ቦቲ ጫማ ይተዳደሩ ነበር። ሰው ሲሞትም ሲያገባም «ሸረፋን ጥሩ» ይባላል፤ ሸረፋም ይህን ቃል እንዳያመልጣቸው የስልካቸውን ድምፅ እስከ መጨረሻው ከፍ አድርገው ይተኛሉ።

ከዕቃው ሁሉ የከበረችው ትልቋ ድስት ነበረች። ዕድሩ የእስላምም የክርስቲያንም ነውና፣ ሥጋ የቀረበ እንደሆነ በሁለት ቦታ ይታረዳል፣ በሁለት ቦታ ይበሰላል፣ በሁለት ድንኳን ይበላል፤ በዓመት አንድ ቀን ብቻ፣ በግንቦት ሁለተኛው እሑድ፣ ጉባኤው ሲቀመጥ ሁሉም ከአንድ ድስት ጎመን ይበላል። ስለዚህ ትልቋ ድስት ከተሠራች ጀምሮ ሥጋ ነክቷት አያውቅም፤ ክዳኗም እንዲሁ። ክዳኗን ሸረፋ ራሳቸው ከአሮጌ የውሃ ቦቴ ጎን ቆርጠው ያበጁት ሲሆን፣ ውፍረቱ አምስት ሚሊ ሜትር፣ ስፋቱ ክንድ ከስንዝር፣ ስሙም «ጋሻው» ይባላል።

በግንቦት ሁለት ቀን ቅዳሜ ጋሻው ለጉባኤው ታጥቦ ፀሐይ እንዲመታው በአጥር ጥግ ተጋድሞ ሳለ፣ አሸዋ ያራገፈ አይሱዙ ወደ ኋላ ሲመለስ በኋላ ጎማው ወጣበት። ጋሻው ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀ። ሾፌሩም ወርዶ ጎማውን ዙሪያውን መረመረ፣ ጎማውም ደኅና መሆኑን ባየ ጊዜ አላህን አመስግኖ ሄደ። ክዳኑን እዚያ ያጋደሙት ሸረፋ ነበሩ።

በማግሥቱ እሑድ ሸረፋ በሕዝብ ፊት እበይደዋለሁ ብለው የጋዝ ማበየጃቸውን አወጡ። እዚህ ላይ ታሪክ ጸሐፊ እውነቱን መሸሸግ አይገባውም። ብረት እሳት ሲበዛበት ይቀላል፣ ሠራተኛውም መቅላቱን አይቶ እጁን ይሰበስባል፤ አልሙኒየም ግን ዓይን አውጣ ነው፣ አይቀላም፤ ቆዳው ከላይ እንደ ደኅና ሰው እያበራ ውስጡ ይቀልጥና በድንገት ዝርግፍ ይላል። ይህን ሸረፋ በወጣትነታቸው ከቆሼ ከተማ ድስት ቀጥቃጭ ተምረውታል፤ መላውንም ያውቁታል፤ የልብስ ሳሙና ያሰምሩበታል፣ ሳሙናው ሲጠቁር እሳቱን ያነሡለታል፣ በቃ። ነገር ግን ያን ቀን አርባ ሰው ከብቧቸው ቆሞ ነበርና፣ ጥቁር መነጽር ያደረገ ባለሙያ በአርባ ሰው ፊት የልብስ ሳሙና ቢያወጣ የአጣቢ ሥራ መስሎ ታያቸው፤ ተዉት። ጋሻውም ዝርግፍ አለ። በስንጥቁ መካከል ሁለት ጣት የሚያሳልፍ ቀዳዳ ተከፈተ፤ ከአርባውም ሰው ሠላሳ ዘጠኙ ሳቀ፣ አንዱ ፎቶ አነሣ።

ወዲያውም እትዬ ከድጄ፣ የወጥ ቤት እመቤት፣ የዕድሩ ሴቶች አለቃ፣ ሰባት ሊቀመንበር ሲሻር ያልተሻሩት፣ ከዋርካው ሥር በርጩማ ላይ ቆመው እንዲህ ሲሉ አዋጅ አስነገሩ።

«ስሙ የዋርካ ሥር ሰዎች! ያልሰማም ከሰማው ይስማ! ሸረፋ ወላሂ ጥሩ ሰው ነው፣ ክፉ አልወጣውም። ግን ክዳን መንገድ ላይ አስተኝቶ ያስጨፈለቀ፣ የተጨፈለቀውንም ደግሞ ያቀለጠ ሰው ዕቃ ቤት አይዝም። ቁልፉ እስከ መጪው እሑድ እኔ ጋ ነው። እሑድ ትልቋ ድስት ከነክዳኗ ከተጣደች አልሐምዱሊላህ። ካልተጣደች ግን ቁልፉን ለሌላ እሰጣለሁ፤ እናንተም ጎመናችሁን በየቤታችሁ ቀቅሉ።»

ሌላ ክዳን ጠፍቶ ነው ወይ የሚል አንባቢ አይጠፋምና እንመልስለት። በሰፈሩ ያለ ሰፊ ክዳን ሁሉ ወይ በእስላም ሥጋ ወይ በክርስቲያን ሥጋ ላይ ተደፍቶ ያውቃል፤ በትልቋ ድስት ላይ ቢደፋ ግማሹ ሕዝብ ጦሙን ይመለሳል። ከገበያ አዲስ ይግዛ እንዳይባል፣ በቡታጅራ ሱቆች ሁሉ ሰፊ የተባለው ክዳን መጥቶ ቢሞከር ድስቷ ውስጥ ገብቶ ሰጠመ።

ሸረፋም ቁልፉን ከአንገታቸው አውልቀው አስረከቡ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እጃቸው እየሄደ ደረታቸውን ይዳብሳል፣ ባዶ ያገኛል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ይሄዳል። ራት ቀረበ፣ አልበሉም። አፈሩ፤ ከማፈርም በላይ ፈሩ፤ ከእንግዲህ ማን ይጠራኛል ብለው ፈሩ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሳሌሃ ይህን አይተው ጥቂት ከታገሡ በኋላ የቤቱን አዋጅ አወጁ።

«ሸረፋ፣ ስማ። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ደረት መዳበስ ተከልክሏል። ያ እኛ ጓሮ ተከራይቶ የነበረው ጎጃሜው አስተማሪ፣ ፈቃደ፣ አሁን ወልቂጤ ኮሌጅ ነው ያለው። ለኢድ እንኳን አደረሳችሁ ሊለን የደወለ ጊዜ አልሙኒየም ሳላቀልጥ እገጥማለሁ ብሎኛል። አንተ ያን ጊዜ ስቀህበታል፤ እኔ ግን ስልኩን መዝግቤ ይዣለሁ። ነገ ትሄዳለህ። ክዳኑን ሳትይዝ ብትመለስ ራት ይቀርብልሃል፣ ወሬ ግን አይቀርብልህም።»

በግንቦት አራት ቀን ሰኞ ሸረፋ አባ መዶሻ ከቡታጅራ ተነሥተው ወደ ወልቂጤ ዘመቱ። የተከተላቸውም ጭፍራ ይህ ነው፤ በቀኝ የእንጨት መዶሻ፣ በግራ ፒንሳ፣ በመካከል ሁለቱ የጋሻው ጉማጆች በብርድ ልብስ ተጠቅልለው፣ ከኋላም ሳሌሃ በኮባ የጠቀለሉት ቆጮ ከነአይቡ። እስከ መናኸሪያ የሸኙት ደግሞ የከረንቡላ ቤቱ ባለቤት፣ ያ ፎቶ ያነሣው ሰው፣ ሁለት ጡረተኞችና አንድ ቡናማ ውሻ ነበሩ፤ ከሸኚዎቹ ምክር ያልሰጠ ውሻው ብቻ ነው። ሚኒባሱ የዘቢዳርን ዳገት ሲያያዘው ከጣሪያው ላይ ብርድ ልብሱ በነፋስ ተፈታ፣ ሁለቱ ጉማጆችም እርስ በርሳቸው እየተማቱ እንደ ጸናጽል ይጮኹ ጀመር፤ አገና ሲደርሱ የገበያው ሰው ሁሉ ዘወር ብሎ አየ፤ ሸረፋም ዝናቸው የቀደማቸው መስሏቸው ከመስኮት እጅ ነሡ። ቸሃ ላይ ዝናብ ተቀበላቸው። ከቀኑ በአሥር ሰዓት ወልቂጤ ገብተው ሰፈሩ።

መምህር ፈቃደም ወጥተው ተቀበሏቸው፤ ጉማጆቹንም ባዩ ጊዜ ዓይናቸው በራ። እኒህ መምህር በኮሌጁ የማሽን አዳራሽ የአንዲት አሮጌ ፍሬዛ፣ ማለትም በሚዞር ዘንግ ብረት የምትቀርጽ ማሽን ጌታ ሲሆኑ፣ በእሷ ላይ ሁለት ዓመት ሙሉ መዳፍ የሚያህሉ የአልሙኒየም ቁራጮችን ሲገጥሙ፣ የገጠሙትንም ጥንካሬው ይታወቅ ዘንድ መልሰው ሲሰብሩ ኖረዋል። አንድም ቀን ሰው የሚፈልገው ዕቃ ወደ እሳቸው መጥቶ አያውቅም። ስለዚህ የጥበቡን ሕግ ለሸረፋ ብቻቸውን እንደ አዋጅ አነበቡላቸው።

«ጋሽ ሸረፋ፣ በደንብ ያድምጡኝ። ይህ ክዳን ንጹሕ አልሙኒየም አይደለም፤ ማግኒዚየም የገባበት ቅይጥ ነው፣ ጥንካሬውም ከዚያ ነው የመጣው። እኛ አናቀልጠውም። ሁለቱን ጉማጆች ጎን ለጎን አጣብቀን ወፍራም ብረት ላይ ጠፍረን እናስራቸዋለን። ይቺ ዘንግ ጫፏ ላይ ጣት አላት፣ ከጣቷ በላይ ትከሻ አላት። እየተሽከረከረች ጣቷን መጋጠሚያው ውስጥ ትሰዳለች፣ በትከሻዋ ትጫናለች። በፍትጊያ ይግላል፤ ይላላል እንጂ አይፈስም። ከዚያ እንደ ገንፎ እያማሰለችው ከዳር እስከ ዳር ትሄዳለች፣ የግራው ከቀኙ ይዋሐዳል። ሦስት ነገር አደራ። ጉማጁ እንዳይነቃነቅ። ዘንጓ አንድ ቦታ ላይ ቆማ እንዳትዞር። ስትወጣም ቀዳዳ ትታ ነውና የምትወጣው፣ መውጫዋ ከክዳኑ ውጭ ይሁን።»

ሸረፋ ሠላሳ ዓመት በእሳት የኖሩ ሰው ነበሩና፣ ገንፎ ሲባል በሆዳቸው ተጠራጠሩ፤ በአፋቸው ግን ማሻአላህ አሉ።

ማክሰኞ ጠዋት ሥራው ተጀመረ። አስቀድሞ የአዳራሹ ንብረት ጠባቂ ወይዘሮ አሰፋሽ፣ ያለ እሳቸው ፊርማ ቡሎን ከቦታዋ የማትንቀሳቀስ፣ ስምንት መቆንጠጫ ቆጥረው አወጡ። ሸረፋ የተጣመሙትን ጉማጆች በእንጨት መዶሻ አቃኑ፤ ፈቃደም የቀለጠውንና የተቦጫጨቀውን ጠርዝ በቀጥታ ቆርጠው አነሡ። በዚህም ጋሻው ሁለት ጣት ያህል ጎደለና ከክብነት ወደ እንቁላልነት አዘነበለ፤ ግን አሁንም ድስቷን አሳምሮ እንደሚሸፍን ሸረፋ በስንዝር ለክተው አረጋገጡና ማንም ቅር አላለውም። ዘንጓ ከአሮጌ ኤንትሬ የጭነት መኪና አክሰል በቶርኖ ተጠርባ የተሠራች ነበረች። ጉማጆቹ ታሰሩ፣ ፍሬዛው ተነሣ፣ ዘንጓ ዞረች፣ ጣቷንም ከጋሻው ጠርዝ አንድ ጣት ገባ ብላ ሰደደች፤ ብረቱ አጉረመረመ፣ ሞቀ፣ ላላ። ከእንግዲህ የቀረው የፍሬዛውን ጠረጴዛ የሚነዳውን የእጅ ጎማ ይዞ ማዞር ነበር።

ወዮ፣ ያን ጊዜ መልካም አስተዳደግ መጣ። ፈቃደ ጎማውን ለሸረፋ ለቀቁ፤ ታላቅ ናቸውና፣ እንግዳም ናቸውና፣ ክዳኑም የእሳቸው ነውና። ሸረፋ ወደ ኋላ አሉ፤ ፈቃደ መምህር ናቸውና፣ ቤቱም ቤታቸው ነውና። ፈቃደ በሞቴ አሉ። ሸረፋ ወላሂ አይሆንም አሉ። ፈቃደ አፈር ስሆን አሉ። ሸረፋ እኔ ቀድሜማ ምን ዓይነት ሰው እባላለሁ አሉ። ፈቃደ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሲሉ ሸረፋ ሁለት አሉ፤ በመጨረሻም ሁለቱም ከጎማው ርቀው በአዳራሹ መካከል እጅ ለእጅ ተያይዘው እየተለማመኑ ተገኙ። ዘንጓ ግን ይህን ሁሉ ጊዜ በአንድ ቦታ ቆማ ትዞር ነበር። ጋሻው ጨሰ፤ በትከሻዋም ሥር ሰርጉዶ በዙሪያዋ እንደ ሊጥ ተነፋ። ከዚያ መብራት ሄደ።

ዘንጓ ቆመች፤ ብረቱም ቀዝቅዞ ጣቷን ጨምድዶ ያዛት። ኮሌጁ ሁሉ ጸጥ ሲል፣ ሸረፋ አባ መዶሻ የዕድራቸው ክዳን ፍሬዛ ላይ ተቸንክሮ አዩ። እጃቸው ወደ ደረታቸው ሄደ። የሳሌሃን አዋጅ አስታውሰው መለሱት።

ረቡዕ ረፋዱ ላይ መብራት መጣ፤ ነገር ግን ሞተሩ ቢነሣ ጣቷ ተሰብራ በጋሻው ውስጥ ትቀራለች። ብረቱን በእሳት አላልቶ በእጅ ማዞር ብቻ ቀረ፤ ይህም ማለት ሸረፋ ያንኑ ጋሻ በዚያው በጋዝ እሳት ዳግመኛ መንካት ነበረባቸው። ወሬው ተሰምቶ ሠላሳ ተማሪ አዳራሹን ሞላ። ፈቃደ ማሞቂያውን ይዘው ሰጡ፤ ሸረፋ አልተቀበሉም። ተማሪዎቹ ፈሩ ብለው አሰቡ፤ እውነትም ፈርተው ነበር፤ ግን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ኋላ የቆመውም እንዲሰማ፣ እንዲህ አወጁ።

«የልብስ ሳሙና ይምጣልኝ! እሑድ ዕለት ይህን ሳሙና አፍሬ ተውኩት፣ አንድ ክዳን አቀለጥኩ። ዛሬ ግን ያየ ይይ። የሚስቅ ካለ ጊዜው አሁን ነው፣ እሳቱን ካነሣሁ በኋላ ዝም በሉልኝ።»

ማንም አልሳቀ። ወይዘሮ አሰፋሽ ሳሙናውን አምጥተው በመዝገባቸው ላይ «ግማሽ የልብስ ሳሙና፣ ለብየዳ» ብለው ጻፉ፣ ጋሽ ሸረፋንም አስፈረሙ። ሸረፋ በጣቷ ዙሪያ ሳሙናውን አሰመሩ፣ እሳቱንም በሩቁ እያዞሩ አቀረቡ። ብረቱ እንደ ልማዱ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ያበራ ነበር። የሳሙናው መስመር ቢጫ ሆነ፣ ቡናማ ሆነ፣ ጠቆረ፤ ሸረፋም እሳቱን አነሡ። ፈቃደ ዘንጓን በመፍቻ ይዘው ቀስ ብለው አዞሩ፣ ጮኸች፣ እምቢ አለች፣ ተነቀለች። ሠላሳው ተማሪ አጨበጨበ፤ ከመካከላቸውም ብዙዎቹ ወዲያው ስለ ሳሙናው በደብተራቸው ጻፉ። ሸረፋም ላባቸውን ጠረጉ።

ሐሙስ፣ ግንቦት ሰባት ቀን፣ የመጨረሻው ውጊያ ቀን ሆነ። የትናንቱ ቀዳዳ ከተቆረጠው ጠርዝ በተወሰደ ቁራጭ ተሞልቶ በመዶሻ ተጠቀጠቀ፣ ዘንጓም በላዩ አልፋ እንድታማስለው ታቀደ፤ በዚያው ጠርዝ የተሠራ ሌላ ቁራጭም መውጫ እንዲሆን ከጋሻው ጫፍ ጋር ተጣብቆ ታሰረ። ፍሬዛው ሊነሣ ሲል ፈቃደ ወደ ሸረፋ ዘወር ብለው አንገታቸውን ሰበር አደረጉ፤ ሸረፋም ወዲያው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። ይህን ያዩት ወይዘሮ አሰፋሽ መዝገባቸውን ጠረጴዛ ላይ አጩኸው መቱና ታላቁን አዋጅ አወጁ።

«በዚህ አዳራሽ ያለ ሁሉ ይስማ! ጋሽ ሸረፋ ጎማውን ይይዛሉ፣ መምህር ፈቃደ ከላይ መጫኛውን ይይዛሉ። ይህ ተወስኗል። ዘንጓ እየዞረች «በሞቴ» ያለ፣ «እርስዎ ይቅደሙ» ያለ፣ ለሚገባ ሰው ከቦታው የተነሣ፣ እጅ የነሣ፣ ስለ ቤተሰብ ጤንነት የጠየቀ፣ ንብረት በማጥፋት ይጠየቃል፤ በስሙም እመዘግብበታለሁ! አክብሮታችሁን ለሻይ ሰዓት አቆዩት። እኔም ቁልፍ ያዥ ነኝ፤ ቁልፉን የተቀማ ሰው ሆዱ ምን እንደሚል አውቃለሁ። በሉ ጀምሩ!»

ዘንጓም ዞረች፣ ጣቷን ሰደደች፣ ሸረፋም ጎማውን ያዙ። ቶሎ ቢያዞሩ ውስጡ ባዶ ጉድጓድ ይቀራል፣ ቀስ ቢሉ ይቃጠላል፤ ስለዚህ ፈቃደ በጣታቸው ጠረጴዛውን እየመቱ ልክ ይሰጡ ነበር፣ ሸረፋም በዚያ ልክ ያዞሩ ነበር። ከትከሻዋ ኋላ ጋሻው እየተዘጋ መጣ፤ ትናንሽ ቀለበቶች ተደራርበው በመስመር ተኙ፣ ከጎንም ቀጭን የአልሙኒየም ጭረት እንደ ክር ይጠቀለል ነበር። በሰባተኛው ደቂቃ የኮሌጁ ዲን በር ከፍተው ገቡ። አዳራሹ ከተሠራ ጀምሮ ያልታየ ነገር ታየ፤ ማንም አልተነሣም፣ ማንም ሰላም አላለም። ሸረፋ ወገባቸው ለሰላምታ ሊጎነበስ ሲል ጥርሳቸውን ነክሰው ያዙት። በአሥረኛው ደቂቃ አምፖሉ ደብዘዝ አለ፤ መልሶ በራ። በአሥራ አራተኛው ደቂቃ ዘንጓ ከጋሻው ወጥታ ወደ ቁራጩ ተሻገረች፣ እዚያም ቀዳዳዋን ትታ ተነሣች። ፍሬዛው ቆመ።

ከዚህ በኋላ የታገደው አክብሮት ሁሉ በአንድ ጊዜ ፈሰሰ። ለዲኑ ሁሉም ተነሡ፣ ዲኑም ለሸረፋ፣ ሸረፋ ለፈቃደ፣ ፈቃደ ለአሰፋሽ፣ የቤተሰብ ጤንነት እስከ አክስት ልጅ ድረስ ተጠየቀ፤ ይህም ብየዳው ከፈጀው ጊዜ ሁለት እጥፍ ፈጀ። አንድ ክርክር ብቻ ተነሣ። መምህር ፈቃደ የሁለት ዓመት ልማዳቸው አሸንፏቸው፣ ጥንካሬው እንዲታወቅ ጋሻውን ልንሰብረው ይገባል አሉ፤ ሸረፋም ክዳኑ ላይ ተቀመጡበት። በስተ መጨረሻ ከመውጫው ቁራጭ ዘንጓ ያማሰለችው ጫፍ ተቆርጦ በሞርሳ ታሰረና በመዶሻ ተመታ፤ ተጣጠፈ፣ ግን አልተከፈተም። ፈቃደ ያን የተጣጠፈ ቁራጭ በኪሳቸው አስገቡት።

ዓርብ ሸረፋ ወደ ቡታጅራ ተመለሱ፤ በዚህ ጊዜ ጋሻው ጣሪያ ላይ አልወጣም፣ ጭናቸው ላይ ተቀመጠ። በመንገድ ሁሉ ሲያስቡ መጡ። ዋርካው ሥር ሕዝቡ ሲሰበሰብ ምን እንደሚሉ አዘጋጁ፤ ስለ ጣቷ፣ ስለ ትከሻዋ፣ ስለ ማግኒዚየሙ፣ ስለ ዲኑ፤ ንግግሩ ቢያንስ ሃያ ደቂቃ ይወጣው ነበር። ሳሌሃ በዚያ ማታ ሙሉውን ሰሙ፣ ሸረፋም ቅዳሜ ደገሙላቸው።

እሑድ፣ ግንቦት ዐሥር ቀን፣ ጉባኤው ተቀመጠ። ሸረፋ አዲስ ሸሚዛቸውን ለብሰው፣ ጋሻውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ወደ ወጥ ቤቱ ድንኳን ገቡ። ትልቋ ድስት ተጥዳለች፣ ጎመኑ እስከ አፏ ሞልቷል፣ ጭሱ ዓይን ያወጣል፣ እትዬ ከድጄም እጃቸው እስከ ክርናቸው ገና በሚከተፍ ጎመን ውስጥ ነው። ሸረፋ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እትዬ ከድጄ ሳያዩዋቸው ጋሻውን ከእጃቸው ነጠቁና ድስቷ ላይ ደፉት፤ ልክ ገባ። ስንጥቁ የት እንደነበር አልፈለጉም፣ መስመሩን በጣታቸው አልዳሰሱም፣ እንዴት ሆነ አላሉም። ክዳን ነው፤ ተከደነ። ሃያው ደቂቃ ንግግር በሸረፋ ጉሮሮ ውስጥ ቀረ። ከክዳኑ ሥር እንፋሎቱ በዙሪያው ብቻ ሲወጣ፣ በመካከሉ አንዲት ጭላንጭል እንኳ ሳይወጣ፣ እሳቸው ብቻቸውን ቆመው አዩ። ደስ አላቸው፤ ዓይናቸውም እንባ አቀረረ፤ በጭሱ አሳበቡት።

ያን ጊዜ እትዬ ከድጄ የመጨረሻውን አዋጅ፣ ከአዋጆች ሁሉ አጭሩን፣ ዘወር ሳይሉ አወጁ።

«ሸረፋ! ምን ይገትርሃል? ሕዝቡ ተቀምጧል፤ ሳፋዎቹን አምጣ እንጂ!»

ሸረፋም ዕቃ ቤቱ ተቆልፏል ለማለት አፋቸውን ሲከፍቱ፣ በጥቁር የጫማ ክር የታሰረ ነገር በጭሱ መካከል ተወርውሮ ደረታቸውን መታቸው።

ስለዚህ እንዲህ እንላለን። ነገሥታት ግንብ ሠርተዋል፣ ግንባቸውም ከሩቅ ይታያል፤ ሸረፋ አባ መዶሻ ግን ማንም የማያየውን ሠሩ። ባለ ጦር የማረከውን ያስቆጥራል፤ እሳቸው ያስቆጠሩት አሥራ አራት ደቂቃና ግማሽ ሳሙና ነው። ድል አድራጊው በዳዊት፣ በአዝማሪ፣ በሐውልት ይወደሳል፤ እሳቸው ጎመኑን ለሚበላ እንግዳ ሁሉ ክዳኑን ገልብጠው መስመሩን ራሳቸው ያሳያሉ፣ እንግዳውም አላየሁትም ሲል ያን ጊዜ ይኮራሉ። ሸረፋ፣ ዘንግን ያስለቀቀ፣ በሳሙና ዳግመኛ ያላፈረ፣ ዲን ገብቶ ያልተነሣ፣ የወልቂጤን ጥበብ ከቡታጅራ ጎመን ጋር ያስታረቀ፣ ሰባት ሳፋ በአንድ ጊዜ የተሸከመ ታላቁ የዕቃ ቤት ሹም! ዘመኑ ይርዘም፣ ወገቡም ይጽና። እትዬ ከድጄ ቁልፉን መልስ አላሏቸውም፤ እሳቸውም ቢሆኑ ልመልስ ወይ ብለው አልጠየቁም።